ምስጥ ላይ የሚኖሩ ጥገኛ ፈንገሶችን መለየት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምስጥን በአጉሊ መነጽር መመልከት የጀመረ ሰው ይዋል ይደር እንጂ ያልጠበቀው ነገር ይገጥመዋል። ሆዷ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጥቁር ነጥብ፣ ራሷ ላይ የበቀለ ጭገር፣ ወይም ሬሳዋን ያለበሰ አረንጓዴ ዱቄት ያያል። «ይህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ እዚያው ይጀምራል። ከዚህ በታች ያሉት ምላሾች ለተማሪዎች፣ ለጀማሪ ተመራማሪዎችና በራሳቸው ፍላጎት ነፍሳትን ለሚያጠኑ ሰዎች የተዘጋጁ ናቸው።

ከሁሉ በፊት ምን ልመልከት?

ምስጧ ስትያዝ በሕይወት ነበረች ወይስ ሞታ ነበር? ቀለሙና ቅርጹ ከዚህ በኋላ ይምጡ። ምስጥን የሚያጠቁ ፈንገሶች በሁለት ጎራ ይከፈላሉ። አንደኛው ጎራ በሕይወት ባለችና በምትራመድ ምስጥ ቆዳ ላይ ተጣብቆ የሚኖር ነው፤ ጥቃቅን፣ ቅርጹ የተወሰነና ብዙውን ጊዜ ጠቆር ያለ ነው። ሁለተኛው ጎራ ቆዳዋን በስቶ ይገባል፣ ይገድላል፣ ከዚያም ከሬሳዋ ወጥቶ ስፖሩን (እንደ ዘር የሚራባበትን ጥቃቅን ቅንጣት) ይበትናል። የሁለቱ ጎራ አባላት እምብዛም አይደባለቁም፤ ስለዚህ ይህን አንድ ጥያቄ የመለሰ ሰው የሥራውን እኩሌታ ጨርሷል።

አንድ ጊዜ አልኮል ውስጥ የተቀመጡ አሥር ያህል ሠራተኛ ምስጦች የያዘ ብልቃጥ ደርሶኝ ነበር። ሁሉም ገርጥተው፣ አንዳንዶቹ ጀርባቸው ላይ ጥቁር ነጥብ ነበረባቸው። አልኮል ውስጥ ሁሉም ምስጥ ሬሳ ስለሆነ ብልቃጡ ብቻውን ምንም አይናገርም። ነገር ግን የሰበሰባቸው ሰው በትንሽ ወረቀት ላይ በእርሳስ «ሲያዙ ይሯሯጡ ነበር» ብሎ ጽፎ ጨምሮበታል። ያቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር ገዳዮቹን ፈንገሶች በሙሉ ከዝርዝሩ አስወጣችልኝ።

ያየሁት ነገር ፈንገስ መሆኑንስ በምን አረጋግጣለሁ?

ፈንገስ የሚመስሉ ሦስት ነገሮች በተደጋጋሚ ያሳስታሉ። የመጀመሪያው የቁስል ጠባሳ ነው። ነፍሳት ሲቆስሉ ቁስሉ ሜላኒን በተባለ ጥቁር ቀለም ይደርቃል። ጠባሳው ከቆዳው ጋር እኩል ነው፣ ጠርዙ ወጣ ገባ ነው፣ በመርፌ ሲነካ አይነሣም። ሁለተኛው ምስጥ ላይ ተጣብቀው የሚጓዙ፣ ማይት የሚባሉ ጥቃቅን የመዥገር ዘመዶች ናቸው፤ እነዚህ ቢጫ ወይም ቡናማ ክብ ሆነው ይታያሉ፣ ገልብጦ ያያቸው ሰው ግን እግር ያገኝባቸዋል። ሦስተኛው የደረቀ አፈርና ዓይነ ምድር ሲሆን እሱ በአልኮል ሲታጠብ ይለቅቃል።

ፈንገሱ ግን ከቆዳው ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ቀጥ ያለ ወይም ክብ ጠርዝ አለው፤ በማይክሮስኮፕ ሥር ደግሞ ሕዋሳቱ ተለይተው ይታያሉ። ሕዋስ ያልታየበትን ነጥብ ፈንገስ ነው ማለት አይቻልም።

በሕይወት ባለች ምስጥ ላይ የሚገኙት የትኞቹ ናቸው?

የዚህን ጎራ መሠረት የጣለው የሃርቫርዱ ሮላንድ ታክስተር ነው። ከ1858 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የኖረው ይህ ሰው ዕድሜውን በነፍሳት ቆዳ ላይ የሚበቅሉ ጥቃቅን ፈንገሶችን በመሳልና በመግለጽ አሳለፈ። በ1920 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ለምስጥ ፈንገሶች እስከ ዛሬ የምንጠቀምባቸውን በርካታ ስሞች ሰጠ። ሥዕሎቹ እጅግ ጥንቁቅ ስለሆኑ አሁንም ናሙናን ከእነሱ ጋር ማስተያየት ጥቅም አለው።

ተርሚታሪያ በብዛት የሚያጋጥም ወገን ነው። (ወገን ስል የቅርብ ዘመድ የሆኑ ዝርያዎች በአንድ ስም የሚጠሩበትን ስብስብ ማለቴ ነው።) ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ፣ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ፣ ምስር የመሰለ ጠፍጣፋ ክብ ሆኖ ሆድ ላይ፣ ደረት ላይ፣ ራስ ላይ፣ አንዳንዴም እግር ላይ ይለጠፋል። አንዲት ምስጥ ሁለትና ሦስት ልትሸከም ትችላለች። በቀጭኑ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ውበቱ ይገለጣል፦ ከታች ቆዳው ላይ የተጣበቁ ሕዋሳት፣ ዙሪያውን ጠቆር ያለ ጠርዝ፣ ከላይ ደግሞ እንደ አጥር እንጨት ጎን ለጎን የተደረደሩ ስፖር አፍሪ ሕዋሳት አሉት። ከሥሩ የሚነሡ መጥባቻ ሕዋሳት ቆዳውን አልፈው ወደ ምስጧ አካል ይዘልቃሉ፤ ስለዚህ በቆዳዋ ላይ ያረፈ ብቻ ሳይሆን ከእርሷ የሚመገብ ጥገኛ ነው። ታክስተር መጀመሪያ የገለጻቸው ዝርያዎች ተርሚታሪያ ስናይደሪና ተርሚታሪያ ኮሮናታ ናቸው። ዝርያን ከዝርያ የሚለየው የስፖሩ ቅርጽና መጠን፣ የስፖር አፍሪ ሕዋሱ ርዝመትና የጠርዙ አሠራር ስለሆነ ነጥቡን በዓይን አይቶ ዝርያ መሰየም አይቻልም።

ማቲሮሌላ የተርሚታሪያ የቅርብ አምሳያ ነው። ሲልቪያ ኮላ በ1929 እ.ኤ.አ. ስትገልጸው ማቲሮሌላ ሲልቬስትሪ ብላ የሁለት ጣሊያናውያን ሊቃውንትን ስም አዋሐደችበት። ከላይ ሲታይ እንደ ቅርፊት ያለ ጥቁር ግግር ነው። ከተርሚታሪያ የሚለየው በውስጥ ድርድሩ ነውና ቆርጦ ማየት ግዴታ ነው።

አንቴኖፕሲስ ከእነዚህ ፈጽሞ ይለያል። ነጥብ ሳይሆን ጭገር ነው። ጠንካራ፣ ጥቁር፣ ቀጥ ብለው የቆሙ ዘንጎች ያሉት ሲሆን ከዘንጉ ሥር ሐመር የሆኑ ስፖር አፍሪ ሕዋሳት ይከማቻሉ። በብዛት ሲበቅል ምስጧ ከፈይ የለበሰች ትመስላለች። አንቴኖፕሲስ ጋሊካ በ1951 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ሬቲኩሊቴርሜስ በተባሉ ምስጦች ላይ ተገልጾ፣ በኋላ በሰሜን አሜሪካም ተገኝቷል። ጀማሪዎች ከምስጧ የራሷ ጠጉር ጋር ያምታቱታል። የምስጧ ጠጉር ሕዋስ የለውም፣ ከቆዳዋ ጉድጓድ ይወጣል፣ ቀለሙም ወርቃማ ነው። የፈንገሱ ዘንግ ግን በሕዋሳት የተከፋፈለ ነው።

ላቡልቤንዮፕሲስ ተርሚታሪየስና ኮርዮማይሴቶፕሲስ ኤዲፐስ ደግሞ የሁሉም ታናናሾች ናቸው። ሁለቱም በጥቂት ሕዋሳት የተሠሩ አጫጭር ዱላዎች ሲሆኑ ተራው አጉሊ መነጽር እንደ አቧራ ያሳያቸዋል። ኤዲፐስ የሚለው ስም በግሪክኛ «እግረ እብጥ» ማለት ነው፤ ፈንገሱም እንደ ስሙ ከሥሩ ያበጠ ነው።

ላቡልቤንያና ላቡልቤንዮፕሲስ አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ ስማቸው መመሳሰሉ ብዙ ሰው አሳስቷል። «ኦፕሲስ» የሚለው ቅጥያ «መሳይ» ማለት ነው፤ ታክስተር ራሱ «ላቡልቤንያን የሚመስል» ብሎ ሰየመው።

እውነተኞቹ የላቡልቤንያ ቤተሰቦች ከ2000 በላይ የተገለጹ ዝርያዎች ሲኖሯቸው አብዛኞቹ የሚኖሩት በጥንዚዛ ላይ ነው። ምስጥ ላይ የሚገኙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከእነሱ አንዱ ታክስተር ከአፍሪካ ማክሮቴርሜስ ምስጦች ላይ የገለጸው ላቡልቤንያ ሃጌኒ ነው። ለመለየት ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ ከቆዳው ጋር የሚያጣብቅ ጥቁር እግር፣ ከእግሩ በላይ የተደራረቡ ሕዋሳት ያሉት አካል፣ ከአካሉ ጎን ደግሞ ጠጉር መሳይ ቅጥያዎችና እንስራ የመሰለ የስፖር ቤት። የስፖሩ ቅርጽ እንደ እንዝርት ሆኖ በአንድ ግድግዳ ለሁለት የተከፈለ ነው። ላቡልቤንዮፕሲስ ይህ እንስራና እነዚህ ቅጥያዎች የሉትም፤ ስፖሩ የሚፈጠረው በዱላው ጫፍ ባለው ሕዋስ ውስጥ ነው።

ሁለቱም እንደ ተራ ፈንገስ ድር አይዘረጉም፤ ስለዚህ ቤተ ሙከራ ውስጥ በሳህን አሳድጌ እለያቸዋለሁ ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ናሙናው ያለችው በምስጧ ላይ ብቻ ናት።

እነዚህ ምስጧን ይገድሏታል?

አብዛኛውን ጊዜ አይገድሉም። እነሱን የተሸከመች ምስጥ ትራመዳለች፣ ትበላለች፣ ትሠራለች። መጋቢያቸው በሕይወት እንድትቆይ የሚፈልጉ ጥገኞች ናቸው።

የሞተችው ምስጥ አረንጓዴ ዱቄት ለብሳለች። ሜታራይዚየም ነው?

ሜታራይዚየም ነፍሳትን የሚገድል ፈንገስ ነው። ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አረንጓዴ የሆነ ሁሉ ሜታራይዚየም አይደለም። ሜታራይዚየም መጀመሪያ ነጭ ሆኖ ከሬሳዋ መገጣጠሚያዎች መካከል ይወጣል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ወይራ አረንጓዴ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ይለወጣል። ስፖሮቹ ሞላላ ዘንግ የመሰሉ፣ ርዝመታቸው ባብዛኛው ከ5 እስከ 8 ማይክሮሜትር የሆኑ ናቸው። መለያቸው አደራደራቸው ነው፦ ሰንሰለቶቹ ጎን ለጎን ተጣብቀው እንደ ታሰረ የእንጨት ሸክም ይቆማሉ። ያንን ሸክም በ400 እጥፍ ማጉያ ያየ ሰው አይረሳውም።

አስፐርጊለስም አረንጓዴ ወይም ቢጫ አረንጓዴ ነው። እሱ ግን ረዥም አገዳ፣ በአገዳው ጫፍ ያበጠ ኳስ፣ ከኳሱ ዙሪያ የሚረጩ ክብ ስፖሮች አሉት። ፔኒሲሊየም ደግሞ የመጥረጊያ ቅርጽ አለው። ሁለቱም በአብዛኛው ገዳይ ሳይሆኑ ሬሳ ለቃሚዎች ናቸው።

ሜታራይዚየም የሚገድልበት መንገድ ለመለየትም ይረዳል። ስፖሩ ቆዳዋ ላይ ተጣብቆ ይበቅላል፣ ጫፉ አብጦ ይለጠፋል፣ ከዚያ በኢንዛይምና በግፊት ቆዳዋን ይበሳል። ውስጥ ከገባ በኋላ በደሟ ውስጥ ይራባል። ስትሞት አካሏ አይበሰብስም፤ ይደርቃል፣ ይጠነክራል። ስለዚህ የተኮማተረና የሚሸት ለስላሳ ሬሳ በባክቴሪያ የሞተ ነው ብለው ቢጠረጥሩ ይሻላል፤ ጠንካራና ደረቅ ሬሳ ግን ወደ ፈንገስ ያመለክታል።

ነጭ ከሆነስ?

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ቦቬሪያ ባሲያና ነው። ስሙ የመጣው በ1835 እ.ኤ.አ. የሐር ትል በሽታ በሕያው ተሕዋስ እንደሚመጣ ካሳየው ጣሊያናዊ አጎስቲኖ ባሲ ነው። ስፖሮቹ ክብና ጥቃቅን ናቸው፤ ስፋታቸው ከ2 እስከ 3 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። ስፖሮቹን የሚሸከመው ጫፍ እንደ መብረቅ ሥዕል ወዲያና ወዲህ ይሰበራል። ይህን የተሰባበረ ጫፍ ሳያዩ «ቦቬሪያ» ብለው አይጻፉ፤ ነጭ ፈንገስ ስፍር ቁጥር የለውም፣ ገና ያልጠቆረ ሜታራይዚየምም ነጭ ነው። ነጭ ናሙና ሁሉ ሁለትና ሦስት ቀን ይጠበቅ። ከቆይታ በኋላ ወደ ሐመር ሮዝ ወይም ግራጫ የሚሄድና ስፖሩን በደረቅ ሰንሰለት የሚያወጣ ከሆነ ኮርዲሴፕስ ፉሞሶሮዚያን ይጠርጥሩ፤ በቀድሞ ጽሑፎች ኢሳሪያ ወይም ፔሲሎማይሲስ ተብሎ ይገኛል።

ፈንገሱ ገዳዩ ነው ወይስ ከሞተች በኋላ የመጣ?

በዚህ ሥራ ውስጥ ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ምስጥ በማንኛውም ምክንያት ከሞተች እርጥበት ባለበት ቦታ ሁሉ ሻጋታ ይወርሳታል። ሬሳ ላይ ፈንገስ መገኘቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

መንገዱ ይህ ነው። አዲስ የሞተችውን ምስጥ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ የሶዲየም ሃይፖክሎራይት ውሕድ (የተበረዘ በረኪና) ውስጥ አንድ ደቂቃ ያህል ይንከሩ፤ በንጹሕ ውኃ ሦስት ጊዜ ያጥቡ፤ በእርጥብ ማጣሪያ ወረቀት ላይ በተከደነ ሳህን ውስጥ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ያስቀምጡ። በረኪናው ላይ ላዩን ያለውን ስፖር ይገድላል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ከውስጥ የነበረው ነው። እንዲህም ሆኖ ጥርጣሬው ሙሉ በሙሉ አያልቅም። ፈንገሱን ለብቻው አሳድጎ፣ ጤነኛ ምስጦችን አስይዞ፣ በተመሳሳይ ሁኔታ መሞታቸውን አይቶ፣ ከሬሳቸው ያንኑ ፈንገስ መልሶ ማግኘት ያስፈልጋል። በሽታ አምጪን ለማረጋገጥ ሮበርት ኮክ ያስተማረው ሥርዓት ለምስጥም ይሠራል። ፈንገስ ያልነካቸው መነጻጸሪያ ምስጦች አብረው ይቀመጡ፤ ምስጥ ከመንጋዋ ተለይታ ስትቀመጥ ያለ በሽታም በቀላሉ ትሞታለች።

ከመሬት ውስጥ ዘንግ ወጥቶ ሲቆፈር ሥሩ ምስጥ ላይ ተገኘ። ይህ ምን ይባላል?

ይህ ምናልባት ኦፊዮኮርዲሴፕስ፣ ማለትም ነፍሳትን ገድሎ ከሬሳቸው ዘንግ የሚያወጣ ፈንገስ ነው፤ ካገኙት ዕድለኛ ነዎት። ዘንጉ ከቅጠል ብስባሽ መካከል ብቅ ያለ ቀጭን ክር ወይም ሥር ስለሚመስል ብዙ ሰው ረግጦት ያልፋል። ከላይ ጎትቶ መንቀል ናሙናውን ማበላሸት ነው፤ ዘንጉ ይበጠሳል፣ ምስጧ መሬት ውስጥ ትቀራለች፣ በእጅ የሚቀረው ስም የማይሰጠው ክር ይሆናል። ከዘንጉ ራቅ ብለው ዙሪያውን ይቆፍሩ፤ አፈሩን ከነዘንጉ እንደ ጓል ያንሡ፤ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽና በውኃ ቀስ ብለው አፈሩን ይፍቱ። ጫፉ ላይ የተሠሩት የስፖር ቤቶች፣ ዘንጉ፣ ምስጧ፣ ሦስቱም ሳይለያዩ መገኘት አለባቸው።

ለስም አሰጣጡ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑ ሁለት ዝርያዎች አሉ። ኦፊዮኮርዲሴፕስ ቢስፖራ በ1941 እ.ኤ.አ. ኮርዲሴፒዮይዴውስ ቢስፖረስ ተብሎ የተገለጸ፣ የአፍሪካ ማክሮቴርሜስ ምስጦችን የሚገድልና በኬንያም የተጠና ነው። ኦፊዮኮርዲሴፕስ ኦክቶስፖራ ደግሞ በ1981 እ.ኤ.አ. ከሜክሲኮ ሃሊስኮ ግዛት ተገለጸ። «ቢስፖራ» በአንድ የስፖር ከረጢት ውስጥ ሁለት፣ «ኦክቶስፖራ» ስምንት ስፖር መኖሩን ይናገራል። ከረጢቱን ጨፍልቆ መቁጠር ነው፤ ስሙ ራሱ መለያ ቁልፍ ይሆናል።

በታይላንድ ጫካዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ ምስጥ ላይ የሚኖሩ ሰባት አዳዲስ የኦፊዮኮርዲሴፕስ ዝርያዎች ተገልጸዋል። ፈንገሶቹ እዚያ ቀድሞም ነበሩ፤ ያልነበረው ዘንጉን ተከትሎ መሬት የሚቆፍር ሰው ነው።

ኩይሳ ላይ የሚበቅለው እንጉዳይስ ጥገኛ ነው?

አይደለም። ተርሚቶማይሲስ ይባላል፤ ምስጦቹ ራሳቸው እየኮተኮቱ የሚያሳድጉትና የሚበሉት ሰብላቸው ነው። ጎጇቸው ውስጥ ስፖንጅ በመሰለው አልጋ ላይ የሚታዩት ነጫጭ እንክብሎችም የእሱ ናቸው። ምስጦቹ ሲሞቱ ወይም አልጋውን ሲተዉ ከዚያው አልጋ ላይ ጥቁር ጣት የሚመስል ሌላ ፈንገስ ይወጣል፤ እሱ የዛይላሪያ ዘመድ ሲሆን የሚሻማው አልጋውን እንጂ የምስጥን አካል አይደለም።

ከእንቁላሎቹ መካከል ቡናማ ኳሶች አገኘሁ። እነሱም የምስጥ እንቁላል ናቸው?

አይደሉም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ምስጦቹም ተታለዋል። የሬቲኩሊቴርሜስ ምስጦች እንቁላል ነጭና ሞላላ ነው። ከመካከሉ የሚገኙት ቡናማ ክብ ኳሶች አቴሊያ ተርሚቶፊላ የተባለ ፈንገስ የመኝታ አካሎች ናቸው። ጃፓናዊው ኬንጂ ማትሱራና ባልደረቦቹ በ2000 እ.ኤ.አ. አሳወቋቸው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ ምስጢሩን ፈቱት። ኳሱ ስፋቱ ከእንቁላሉ ወርድ ጋር ይመጣጠናል፣ እንቁላሉ የሚታወቅበትን ቤታ ግሉኮሲዴዝ የተባለ ኢንዛይምም ያመነጫል። ሠራተኛ ምስጦች ዓይን ስለሌላቸው ቀለሙ አያስጠነቅቃቸውም። አንሥተው ከእንቁላሎቻቸው ጋር ይከምሩታል፣ እንደ ልጃቸው ይልሱታል፣ ከሌሎች ሻጋታዎች ይጠብቁታል። እንቁላል ክምር ውስጥ ይህን ያዩ ሰዎች ምስጥ አካል ላይ ጥገኛ አገኘን ብለው ይመዘግባሉ፤ ትክክለኛው አገላለጽ የእንቁላል አስመሳይ የሚለው ነው።

ናሙናን እንዴት ልሰብስብና ላስቀምጥ?

በእርጥብ ለስላሳ ብሩሽ ያንሡ። ወረንጦ ተርሚታሪያን ይፍቃል፣ አንቴኖፕሲስን ይሰብራል። ለቅርጽ ጥናት ከ70 እስከ 80 በመቶ፣ ለዲ ኤን ኤ ጥናት 95 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አልኮል ይጠቀሙ። ሬሳ ላይ ዱቄት ያወጣ ፈንገስ ግን አልኮል ውስጥ አይጨመር፤ ስፖሩ ይበተናል። እሱን በወረቀት ፖስታ ማድረቅ ይበጃል።

ከታመመችው ጋር ከዚያው መንጋ ወታደሮችንና ከተገኙም ክንፋሞችን ይሰብስቡ። ወደ 3000 የሚጠጉ የምስጥ ዝርያዎች አሉ፤ በሠራተኛዋ ብቻ ዝርያቸውን መለየት ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ የወታደሯ ራስና መንጋጋ ግን ይናገራል። የአስጠጊዋ (ጥገኛውን የተሸከመችው ምስጥ) ማንነት ካልታወቀ የጥገኛው ማንነትም ግማሽ ይቀረዋል።

ወረቀቱን በእርሳስ ጽፈው ብልቃጡ ውስጥ ያስገቡት፤ አልኮል የእስክሪብቶን ቀለም ያጥባል። ቀን፣ ቦታ፣ ከፍታ፣ ከእንጨት ወይስ ከአፈር መገኘቷ፣ ስንት ተይዘው ስንቶቹ ፈንገሱ እንደነበረባቸው፣ ከሁሉም በላይ በሕይወት መኖር አለመኖሯ ይጻፍ።

በማይክሮስኮፕ ለማየት እንዴት ላዘጋጀው?

ለሬሳ ፈንገስ ቁራጭ ግልጽ የማጣበቂያ ፕላስተር በዱቄቱ ላይ ቀስ ብሎ ማሳረፍና ላክቶፌኖል ኮተን ብሉ በተባለ ሰማያዊ ማቅለሚያ ጠብታ ላይ መለጠፍ ይበቃል። ፕላስተሩ ሰንሰለቱን ከነአደራደሩ ያነሣዋል፤ በመርፌ ከተጫረ ግን ሁሉም ይበተንና የሚታየው ልቅ ስፖር ብቻ ይሆናል።

በሕይወት ካለች ምስጥ ላይ ለተገኘው ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል። ፈንገሱ ያለበትን የቆዳ ክፍል ቆርጠው በ10 በመቶ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውሕድ ያለዝቡት፤ ጥቁሩ ሳስቶ ሕዋሳቱ ይታያሉ። ላቡልቤንያንና መሰሎቹን በቀጭን የነፍሳት መርፌ ከእግሩ ሥር ፈልቅቀው ግሊሰሪን ላይ ያኑሩ። እግሩ ከተቆረጠ ናሙናው ዋጋውን ያጣል። መለኪያ ባለው ማይክሮስኮፕ ቢያንስ 20፣ ቢቻል 30 ስፖር ይለኩ፤ ትንሹን፣ ትልቁንና አማካዩን ይመዝግቡ።

ዲ ኤን ኤ ካለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?

ምክንያቱም ዲ ኤን ኤ የሚነጻጸርበት ነገር ይፈልጋል። በምስጥ ቆዳ ላይ ከሚኖሩት መካከል ብዙዎቹ በመረጃ ቋቶች ውስጥ የተመዘገበ ቅደም ተከተል የላቸውም። አንዲት ቅንጣት ላቡልቤንዮፕሲስ ፈጭቶ ያልታወቀ ውጤት ካገኙ በኋላ ናሙናዋም የለችም፣ ስሟም የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ፎቶግራፍ፣ ልኬትና ሥዕል ይቅደም።

ለገዳዮቹ ፈንገሶች ግን ዲ ኤን ኤ የግድ ነው። ሜታራይዚየም አኒሶፕሊዬ ተብሎ ለብዙ ዘመን የተጠራው በ2009 እ.ኤ.አ. በተደረገ ክለሳ ዘጠኝ ዝርያ ሆኖ ተገኝቷል፤ አንዳንዶቹን በማይክሮስኮፕ መለየት አይቻልም። እዚህ ላይ ለፈንገስ ሁሉ መደበኛ መለያ የሆነው አይ ቲ ኤስ የተባለው ክፍል ወገኑን ይነግራል እንጂ ዝርያውን አይለይም፤ ኢ ኤፍ 1 አልፋ የተባለውን ጂን መጨመር ያስፈልጋል። በአይ ቲ ኤስ ብቻ «ሜታራይዚየም አኒሶፕሊዬ» ብሎ የተጻፈን ውጤት «የሜታራይዚየም አኒሶፕሊዬ ቡድን» ብለው ያንብቡት።

አንዱ ፈንገስ ለምን ሁለትና ሦስት ስም ይኖረዋል?

ቀድሞ ፈንገስ በጾታዊ መልኩ አንድ ስም፣ ጾታ አልባ በሆነው መልኩ ሌላ ስም ይሰጠው ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. በሜልበርን በተደረገው የዕፅዋት ሊቃውንት ጉባኤ ይህ ቀርቶ አንድ ፈንገስ አንድ ስም እንዲኖረው ተወሰነ። ኦፊዮኮርዲሴፕስን ፈልገው በቀድሞ ጽሑፎች ሂርሱቴላ የሚል ካገኙ ግራ አይጋቡ፤ የወቅቱን ስም ማይኮባንክ ወይም ኢንዴክስ ፈንጎረም በተባሉ የፈንገስ ስሞች መዝገቦች ማጣራት ይቻላል።

ብዙ ፈልጌ ለምን አላገኘሁም?

ምስጦች ስለሚከላከሉ ነው። እርስ በርሳቸው ይላላሳሉ፤ ከባልንጀራቸው ቆዳ ላይ ስፖሩን ለቅመው ይውጡታል፣ ምራቃቸው ውስጥም የፈንገስን ግድግዳ የሚያፈርስ ኢንዛይም አለ። የታመመችውን ይበሏታል፣ የሞተችውን በአፈር ይቀብሯታል። ፎርሞሳ ተብሎ የሚታወቀው የኮፕቶቴርሜስ ዝርያ ጎጆ ውስጥ ናፍታሊን ተገኝቷል፤ ከጎጆው ግድግዳም ፈንገስን የሚገታ ስትሬፕቶማይሲስ ባክቴሪያ ተለይቷል። ስለዚህ የታመመች ምስጥ መንጋው መካከል ብዙ አትቆይም። የሞቱትን በጎጆው ዳርቻ፣ በተተዉ መተላለፊያዎችና በደረቅ አፈር በተሸፈኑ ጉድጓዶች ይፈልጉ። በሕይወት ያሉትን ተሸካሚዎች ለማግኘት ደግሞ በርካታ መቶ ሠራተኞችን አንድ በአንድ ማየት የተለመደ ነው።

ይኸው መከላከያቸው ሜታራይዚየምን ምስጥ ማጥፊያ ለማድረግ የተደረጉ ሙከራዎችን አድክሟል። ሳህን ውስጥ ያሉ ጥቂት ምስጦችን በቀላሉ የሚጨርስ ፈንገስ ሜዳ ላይ ካለ ሙሉ መንጋ ጋር ሲገጥም ውጤቱ ብዙ ጊዜ አላማረም።

ፎቶግራፍ ብቻ ልኬ ስሙን ማወቅ እችላለሁ?

ወገኑን ምናልባት፤ ዝርያውን አይደለም።

ለእኔ ጤና አደገኛ ናቸው?

ምስጥ ቆዳ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩት ሰው አይነኩም። ዱቄት የሚያወጡ ሬሳዎች ሲከፈቱ ግን አፍና አፍንጫን መሸፈን ያስፈልጋል፤ ከመካከላቸው አስፐርጊለስ ሊኖር ስለሚችል አስም ያለበት ወይም የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ይህን ሥራ ለሌላ ቢተው ይመረጣል።

ያገኘሁት ከየትኛውም መግለጫ ጋር ካልገጠመ ምን ላድርግ?

አያስገድዱት። «ተርሚታሪያ፣ ዝርያው ያልታወቀ» ብሎ መጻፍ የተሟላ መልስ ነው። ይህን መስክ ከሁሉ በላይ የጎዳው፣ ነጥብ ያለው ሁሉ ተርሚታሪያ ስናይደሪ፣ አረንጓዴ የሆነው ሁሉ ሜታራይዚየም አኒሶፕሊዬ እየተባለ መመዝገቡ ነው፤ እንዲህ ያለው መዝገብ ናሙናው ካልተቀመጠ በኋላ ማንም ሊያርመው አይችልም። ስፖሩን ለክተው፣ ከነጠርዙ ሥለው፣ ከአስጠጊዋ ወታደሮች ጋር ብልቃጥ ውስጥ ካስቀመጡ በኋላ ቁጥር ሰጥተው ለሕዝብ ክፍት በሆነ የፈንገስ ወይም የነፍሳት ስብስብ ያስረክቡ። በመለያ ወረቀቱ ላይ የስሙ ቦታ ክፍት ይሁን፤ ሲያዝ በሕይወት ይሯሯጥ እንደነበረ ግን መጻፉን አይርሱ።